ረመዳን ፈሪው እና የደንገጎ ቁልቁለት

ጋሽ ረመዳን መሞቱን የሰማሁት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር፣ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ከፊቴ የቆመው የባጃጅ ሾፌር አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ያ ፈሪው መካኒክ ትናንት መቀበሩን ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ዛሬ ሙቀቱ በረታ የሚል ያህል ቀለል አድርጎ ነው የነገረኝ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ ያሉት ጥሩንባቸውን መንፋት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ዘጠኝ መምህራን ጭኜ የደንገጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ መኪናዬን ከውስጥ እስከ ውጭ የሚያውቃት ሰው ደግሞ አፈር ገብቷል።

«ፈሪው» የሚለውን ስም ያወጡለት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣ ኒም ዛፍ ሥር በቆርቆሮ የተከለለች የመኪና ኤሌክትሪክ መሥሪያ ነበረችው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም፤ የመነጽሩ እጀታ ከተሰበረ በኋላ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጆሮው ላይ ጠምጥሞ ያስረዋል። ወጣትነቱን የጨረሰው በድሮው ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። አማርኛውን በኦሮምኛና በሶማልኛ እየቀላቀለ ያወራል፣ ሲናደድ የባቡር ቤት ፈረንሳይኛ ይጨምርበታል። ዕድሜው ከአባቴ ቢበልጥም «አንተ» ነበር የምለው። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ የሚያበዛ ሰው እንግዳ ነው፤ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛ «እርስዎ» ቢለው፣ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አይቷል።

ሌላው መካኒክ መኪና ይዘህ ስትገባ «ምን ሆነች?» ይልሃል። እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ላይ ነው የፈራኸው?» ብሎ ነው።

ሾፌር ይህን ጥያቄ አይወድም። አብዛኛው «ኧረ እኔ አልፈራሁም፣ ሞተሯ ናት የምታስቸግረው» ብሎ ይቆጣል። እሱ ግን አይለቅም። ሞተሩ ሲጠፋ ምን ታየህ፣ እጅህ የት ነበር፣ አየሩ እንዴት ነበር፣ ምን ያህል ሰው ጭነሃል እያለ ይመረምርሃል። ያልፈራ ሰው ነገሩን ሁሉ «እዚያ አካባቢ» እያለ እንደሚያልፈው፣ የፈራ ሰው ግን ድንጋዩን ሳይቀር እንደሚያስታውስ ነበር የሚያምነው። ሥራውን ከጨረሰ በኋላም መኪናህን አይሰጥህም። የፈራህበት ቦታ ድረስ አብሮህ ይሄዳል። ሐርላ ከሆነ ሐርላ፣ ደንገጎ ከሆነ ደንገጎ። በዚህ ምክንያት ብዙ ደንበኛ ሸሽቶታል። ሰው ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚለቀውን ይወዳል።

እኔም ወደ እሱ የሄድኩት ሌላ የምሄድበት አጥቼ ነው።

መኪናዬ ሌላ አገር አገልግላ በጅቡቲ በኩል የገባች ሚኒባስ ናት። ከምጭናቸው ወጣት መምህራን የአንዳንዶቹ ታላቅ ናት። ጠዋት መምህራኑን፣ ያኔ አሥራ አንድ ነበሩ፣ ከለገሃሬ እያነሳሁ ደንገጎ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው አወጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አወርዳቸዋለሁ። ይኼው ነው ሥራዬ። መንገዱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከድሬ ወደ ደንገጎ የሚያወጣው መንገድ ተራራው ላይ የተጠመጠመ ነው። ስትወጣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ስትወርድ አንተ ትጨነቃለህ።

መጀመሪያ የጠፋችብኝ ሜዳ ላይ፣ ሳቢያን ውስጥ ነው። ሳታስል፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ ሶኬቱ እንደተነቀለ ቴሌቪዥን ጭጭ አለች። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ቁልፍ ባዞር ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሳች። ያሳየሁት መካኒክ የመመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ ሴንሰር ነው አለኝ። አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት፤ ሞተሩ ሲዞር ዙሩን የምትቆጥር። እሷ መቁጠር ስታቆም የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩ የቆመ ይመስለውና ነዳጁንም እሳቱንም ይዘጋዋል። ተቀየረች። ሁለት ሳምንት ደህና ሰነበትኩ።

ሁለተኛው ዳገት ላይ ነው። መኪናዋ ጠፍታ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር በመስታወት ያየሁት የጭነት መኪና አፍንጫ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በእግርና በእጅ ፍሬን ግትር አድርጌ ያዝኳት። እንደገና ሴንሰር ተቀየረ፣ አሁን ከተበተነ መኪና የወጣ። አንድ ወር። ከዚያ ሌላ መካኒክ፣ ሌላ ሴንሰር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ የሞተር መብራት ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ደሞ ትበራለች። መቼ እንደምትመጣ የማይታወቅ በሽታ ሆነችብኝ።

ፍርሃት ቀስ ብሎ ነው የገባብኝ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ልወጣ ስል ሽንቴ ይመጣል፤ ሸንቼም ይመጣል። መሪውን ስለቅ እጄ ላይ የመሪው ጉጥ ታትሞ ይቀራል። ለመምህራኑ ግን አልነገርኳቸውም። ሌላ መኪና ይይዛሉ ብዬ ሰጋሁ፣ ደግሞም አፍሬያለሁ።

ገቢና አጠገቤ የምትቀመጠው የሒሳብ መምህሯ ትዕግስት ነበረች። መንገድ ላይ የተማሪ ደብተር ታርማለች፤ በዚያ ሁሉ ጥምዝ እንዴት ራሷን እንደማያዞራት ይገርመኛል። አንድ ቀን እስክሪብቶዋን ወደ ዳሽቦርዱ ጠቆም አድርጋ ይቺ መብራት ምንድን ናት አለችኝ። ምንም አይደለችም፣ ያረጀ መኪና ላይ ትበራለች ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ማረም ተወች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ትይዝና ድሬ እስክንገባ አትለቀውም። ዝም ማለቷ ከመኪናዋ በላይ አስጨነቀኝ።

ስለዚህ ረመዳን ፈሪው ጋ ስሄድ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። መብራቷን እንዲያጠፋልኝ። ብዙ ሾፌር ያስጠፋል፤ በተለይ መኪና ሊሸጥ ያሰበ። አምፖሏን መንቀል ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ነገርኩት። እጁ ላይ የነበረውን ቴስተር አስቀመጠ። ከበርሜሉ ውሃ ቀዳና እጁን በሳሙና መታጠብ ጀመረ፤ ረጅም ጊዜ ታጠበ። ከዚያ አሮጌ ባትሪ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ታናሽ ወንድሙ ስለ ጀማል ነገረኝ።

ጀማል ከሐረማያ ድንችና ጎመን በፒክአፕ እያመጣ ድሬ ያራግፍ ነበር። የእሱም መኪና እንደኔው ሙቀት ሲነካው ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ረመዳን ፈሪው የሚባል ሰው አልነበረም፤ በሠፈሩ የታወቀው ፈጣኑ ረመዳን ነበር። ሦስት ጊዜ ሴንሰር ቀየረለት። በአራተኛው ጀማል፣ «አቦ ረመዳን፣ መኪናዋን ተዋት፤ ይቺን መብራት ብቻ አጥፋልኝ፣ ጭንቅላቴን በላችው» አለው። እሱም ዳሽቦርዱን ፈቶ አምፖሏን ነቀላት። ሥራው ሻይ እስኪቀርብ ድረስ እንኳን አልፈጀም። በአራተኛው ቀን ጀማል ከነጭነቱ ገደል ገብቶ ሞተ። ብቻውን ነበር።

«ሽማግሌዎቹ የአላህ ቀደር ነው አሉኝ» አለ ጋሽ ረመዳን። «እውነታቸውን ነው። አምፖሏ ግን ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

ለሰው ነግሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ለጀማል ሚስት መንገሩን፣ ያውም በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት መሆኑን ነገረኝ። አልጮኸችም። ተነስታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላም አትለውም፤ እሱም አይፈርድባትም።

«እንግዲህ መኪናዋን ተዋት ወይም ይዘሃት ሂድ» አለኝ። «መብራቷን ግን አልነካትም።»

ትቻት ሄድኩ። መምህራኑን ለጥቂት ቀን በሕዝብ ማመላለሻ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። አጉረመረሙ።

ጋሽ ረመዳን መኪናዋ ላይ አራት ቀን ዋለ። ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ የገዛው የሴት ፀጉር ማድረቂያ ነበረው። ሲገዛው ባለሱቆቹ ራሱን እያዩ እንዴት እንደሳቁበት ራሱ እየሳቀ ያወራ ነበር። ሴንሰሯን በዚያ ማድረቂያ ያግላታል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያደርግባታል፣ እንደገና ያግላታል። እኔ አጠገቡ ሆኜ መጥፋቷን እጠብቃለሁ። አልጠፋችም። በአራተኛው ቀን ሴንሰሯ የምትሰካበት ሶኬት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አገኘና አጸዳው። ይህ ሊሆን ይችላል አለ። አብረን ሁለቴ ደንገጎ ወጥተን ወረድን። ምንም አልሆነችም። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ አላመናትም።

ከመልቀቁ በፊት ወደ መልካ ጀብዱ መንገድ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ወሰደኝ። የሴንሰሯ ሽቦ ላይ ማጥፊያ ገጥሞ ገመዱን በእጁ ይዟል። እኔ እነዳለሁ፤ እሱ ሳይነግረኝ ያጠፋል። ሞተሩ ጭጭ ሲል እግሬ በልማድ ፍሪሲዮን ላይ ይወጣል፣ እጄ ወደ ቁልፉ ይሮጣል። እያንዳንዱ ሾፌር እንደዚያ ያደርጋል። ያን ጊዜ ጉልበቴን ይመታኛል።

«ፍሪሲዮን ስትረግጥ ሞተሩንና ጎማውን አለያየሃቸው» አለኝ። «ማርሽ ውስጥ ተዋት። ጎማው ሞተሩን እያዞረው ይውረድ። እየዞረ እስካለ ድረስ ፍሬኑም መሪውም ካንተ ጋር ናቸው። ፍሬኑን አንዴ ያዝ፣ አጥብቀህ ያዝ፣ አትነካካው።»

ስንት ጊዜ እንደደገምነው አላውቅም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። የማውቀውን ነገር እግሬ እስኪረሳው ድረስ አላቆመም።

ሰኞ ጠዋት መምህራኑን ላነሳ ለገሃሬ ስደርስ ጋሽ ረመዳን ቆሞ አገኘሁት። በፌስታል ቴስተሩን፣ ፕላስተር፣ ቁርጥራጭ ሽቦና ውሃ ይዟል። ለአንድ ሳምንት አብሬያችሁ እመላለሳለሁ አለኝ። ትዕግስት ገቢናውን ለቀቀችለትና ወደ ኋላ ሄደች። የስፖርት መምህሩ አብዲ ተጫዋች ልጅ ነው፤ የትኛውን ትምህርት ልታስተምር ነው እያለ ያሾፍበት ጀመር። ቁልቁለት ላይ ጋሽ ረመዳን ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዛል፣ ከንፈሩ በዱዓ ይንቀሳቀሳል፣ ከግንባሩ ላብ ይወርዳል። ፍርሃቱን ለመደበቅ እንኳን አይሞክርም። ከኋላ ይስቃሉ።

በሦስተኛው ቀን አብዲ፣ ይህን ያህል ከፈራ ለምን እንደሚሳፈር ጠየቀው።

«የሚፈራ ሰው መኖር አለበት፣ እናንተ እንድትስቁ» አለው ጋሽ ረመዳን። አብዲ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሳምንቱ አለቀ። ቃሉን ጨርሷል ብዬ ሳስብ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞም መጣ። ያን ቀን ሙቀቱ ለየት ያለ ነበር፤ ደንገጎ እንኳን ነፋስ አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ሁለት ጥምዝ አልፈናል። ከፊታችን ቁልቁል ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሹል ጥምዝ አለ። በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ ተራራና የውሃ ማፋሰሻ ቦይ። ጥምዙ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና እያቃሰተ ብቅ ሲል አየሁት።

ያን ጊዜ ሞተሩ ጠፋ።

የሞተር ድምፅ ሲጠፋ የቀረው ሁሉ ይሰማል። ጎማው፣ በመስኮት የሚያፏጨው አየር፣ ከኋላ የሚያወሩት ሰዎች። ገና አላወቁም፤ አንዱ ስለ ፈተና እያወራ ነበር። ዳሽቦርዱ በሙሉ ቀይ ሆነ። ያ ሁሉ ልምምድ ከራሴ ላይ በነነ። እግሬ ወደ ፍሪሲዮኑ ተነሳ።

«እግርህን መልስ» አለ ጋሽ ረመዳን።

አልጮኸም። ሜዳው ላይ ሲያወራኝ የነበረው ድምፅ ነው። እግሬን መለስኩ።

«ማርሹ ይሁን። ፍሬኑን ያዝ። አትልቀቅ… አትልቀቅ። አሁን ወደ ተራራው፣ ቀስ አድርገህ። ቦዩ ይያዘን።»

መሪው ከብዷል፣ ግን ይታዘዛል። ማርሽ ውስጥ ያለችው መኪና እየጎተተች ፍጥነቷ ቀነሰ። የጭነት መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ በግራ በኩል አለፈን፤ አቧራው በመስኮት ገባ። የቀኝ ጎማዎቻችን ቦዩ ውስጥ ገቡ፣ ጎኗ ድንጋዩን እየፋቀ ሄደ፣ አንድ መስታወት ተሰበረ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለን ቆምን። ከጥምዙ ርቀታችን ከአንድ አውቶቡስ ርዝመት አይበልጥም ነበር።

ከኋላ የአንዲት መምህር ደብተሮች እየተንሸራተቱ ወለሉ ላይ ሲወድቁ ይሰማኛል። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። አብዲ ዘሎ ወርዶ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ።

ጋሽ ረመዳን በሩን ከፍቶ ወረደ። መሬት ላይ በእጁ ተደግፎ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ሄዶ አስታወከ። ስመለከተው እጁ የውሃውን ክዳን መክፈት አቅቶት ነበር። ከፈትኩለት። አፉን ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ከዚያ ፌስታሉን አንስቶ ሞተሩ ሥር ገባ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። መምህራኑ የተራራው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ ግንባሩ ተጭሮ ደም አለው፣ ሌላው ሚስቱ ጋ ይደውላል። ጋሽ ረመዳን ሲወጣ አንድ ስንዝር የምታህል የተቆረጠች ሽቦ ይዞ ነበር። ከሴንሰሯ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው የሽቦ ጥቅል ከጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገብ ያልፋል። ዓመታት የጠበሰው የሽቦው ልባስ ተቃጥሎ ተሰነጣጥቋል፤ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ መዳቡ ብረት ይነካል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። የመኪናዬ በሽታ ይኸው ነበር።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። መኪና ነው፣ አርጅቷል፣ ተበላሸ ማለት ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሽቦዋን ይዞ መምህራኑ ፊት ቆመ።

«ይቺ ናት» አለ። «የተቀየሩት ሴንሰሮች ሁሉ ደህና ነበሩ። እኔ ሶኬት አጽድቼ አገኘሁት አልኩ፣ እዚህ ጋ ግን አላየሁም። ስህተቱ የኔ ነው፤ የሾፌራችሁ የሰለሞን አይደለም።»

ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፈራው ገደሉን አልነበረም፤ ገደሉ አልፏል። የእነሱን ፊት ነበር የፈራው። ጀማል ቤት ለቅሶ ላይ ሰው መሀል የቆመውን ሰው ያኔ በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። እሱ እንደዚያ ቆሞ እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። ትዕግስትን፣ ቲቸር፣ መብራቷ ምንም አይደለችም ያልኩሽ ውሸቴን ነው አልኳት።

«አውቄያለሁ» አለችኝ። «መብራቷን አልነበረም የፈራሁት። አንተ ስትዋሽ ነው የፈራሁት።»

ያለፈ አውቶቡስ ብዙዎቹን ወሰዳቸው። አብዲና ትዕግስት ግን መኪናዋ ከቦዩ እስክትወጣ ከእኛ ጋር ቆዩ፤ አብዲ ጋሽ ረመዳን ሲሠራ ባትሪ መብራት ይዞለት ሞተሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላሾፈበትም። ከአሥራ አንዱ መምህራን ሁለቱ ዳግም መኪናዬ ላይ አልወጡም። አልተቀየምኳቸውም።

ጋሽ ረመዳን ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ቀይሮ ከጭስ ማውጫው አርቆ በሌላ መንገድ አዞረው። በሽቦ ምክንያት እስከ ዛሬ ጠፍታ አታውቅም። ያረጀች መኪና ናትና አንዱ ሲሻላት ሌላው ይነሳል፤ አንዴ የሙቀት ሴንሰር፣ አንዴ የአየር። በየጊዜው ደቻቱ ዳር እወርዳለሁ። ከሌላው ሾፌር የምለይበት ነገር ቢኖር ሲጠይቀኝ አለመቆጣቴ ነው። የቱ ጥምዝ ላይ እንደፈራሁ፣ ምን እንደሸተተኝ፣ እጄ ምን እንዳደረገ እነግረዋለሁ። ሰው ለሚስቱ የማይነግረውን ነው የምነግረው።

ከዚያ ልቡ ታመመ። ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ አልጋ አውጥተውለት ይተኛ ጀመር። ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሴት ልጁ ጭማቂ አቀረበችለት፣ ዛሬ እኮ ፊቱ ወዘና አለው አለችኝ። ጎረቤቱ ገብቶ ደህና ነህ፣ በቅርቡ ትነሳለህ ብሎት ሄደ። ብቻችንን ስንቀር እጄን ያዘኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ በድሬ ሙቀት።

«ሐኪሙም፣ ልጆቼም፣ ሰዉም ደህና ነህ ይሉኛል» አለኝ። «እንደዚያ ሲሉኝ ነው ፍርሃቱ የሚመጣብኝ። አንተ አትዋሸኝም። እየኝና ንገረኝ።»

አየሁት። ልዋሸው ፈለግሁ፤ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ከስቷል፣ እግሩ አብጧል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። እንዳለ ነገርኩት። አንዱንም አላስቀረሁም።

«እሺ» አለኝ። «አሁን ይሻለኛል።» ከዚያ ልጁን ጠርቶ ለጀማል ሚስት ሰው እንዲላክላት አዘዘ። ትምጣ አትምጣ አላውቅም፤ መጠየቅም አልቻልኩም።

ከነዳጅ ማደያው በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ «ፈሪው» ይሉት የነበሩ መካኒኮች ናቸው። ለሟቹ ፋቲሃ ተቀራ። ተነሳሁ፤ ሰዓቱ ደርሶብኛል፣ መምህራኑ ይጠብቁኛል።

ሐርላን አልፌ ዳገቱን ስጀምር መኪናዋ አንድ አዲስ ነገር አደረገች። ማርሽ ስቀይር እንደ ብርድ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ወረራት፣ ትንሽ ሄዳ ተወችው፣ እንደገና ጀመራት። እንደዚህ ሆና አታውቅም። ደንገጎ ላይ ለአንድ መካኒክ አሳየኋት። ኮፈኑን ከፍቶ አየት አደረገና፣ ያረጀ መኪና እንዲህ ነው፣ ቀስ ብለህ ውረድ፣ ችግር የለውም አለኝ። የት ላይ ፈራህ ብሎ እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። ምንም ሳይጠይቀኝ ኮፈኑን ዘጋው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘጠኙም ቆመው ነበር። አብዲ በሩን ሊከፍት ሲመጣ ከመኪናው ወረድኩ። አሥራ ሰባት ዓመት መሪ ስይዝ ለተሳፋሪ ብዬው የማላውቀውን ነገር ልናገር ነው።

«ጋሽ ረመዳን ሞቷል» አልኳቸው። «መኪናዋም ልክ አይደለችም፣ ምን እንደሆነች አላውቅም። ዛሬ አልጭናችሁም። ፈርቻለሁ።»

የሚስቅ ወይም የሚቆጣ ሰው ጠበቅሁ። አብዲ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ትዕግስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አንድ በአንድ ቦርሳቸውን አንስተው አውቶቡስ ወደሚቆምበት ወደ ዋናው መንገድ መሄድ ጀመሩ። መኪናዋን ግቢ ውስጥ አስገብቼ፣ ቆልፌ፣ የጥበቃውን ሰው አደራ ብዬ ስወጣ አውቶቡሱ ደርሶ በሩ ተከፍቷል። ትዕግስት ከውስጥ በመስኮት እጇን አወጣችና ጠራችኝ። አጠገቧ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ይዛልኝ ነበር።